አስፋው ብለን የተጣራንበት ምሽግ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው የክፍሉ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ የፓርኪንጉ ቢጫ መብራት በመጋረጃው ክፍተት ገብቶ ምንጣፉ ላይ ሲጋደም ነበር። ያኔ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ውስጥ ነው። አባቴ ታክሲ ይነዳል፤ እናቴ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የማታ ሺፍት ትሠራለች፤ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናቲን የምታሳድገን የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ስንዱ ነበረች። እኛ እቴቴ ነበር የምንላት። ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ናቲ ገና ይድህ ነበር። ወጥታ ሥራ ልትይዝ ባሰበች ቁጥር አባቴ «ልጆቹ ትንሽ ይጠንክሩልኝ» ይላታል፤ እኛ ጠንክረን ትምህርት ቤት ከገባን በኋላም እሷ እዚያው ቤት ነበረች፤ ስታበስል፣ ስታጥብ፣ ከአውቶቡስ ስትቀበለን።

ባሏ ጋሽ አስፋው የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር። እኔ የማውቀው በፎቶ ብቻ ነው፤ ነጭ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ፀሐይ ዓይኑን ስለወጋው ፊቱን ጨፍገግ አድርጎ። ምጽዋ ውስጥ ጥቂት ዓመት በትዳር ኖሩ። ጦርነቱ ሲያልቅ መርከቦቹ ባሕሩን ተሻግረው የመን ገቡ፤ እሱም አብሮ ገባ፤ እሷ ቀደም ብላ ወደ አዲስ አበባ ወጥታ ነበርና እዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲያ ኑሮው በሰው የጭነት ጀልባ ላይ ሆነ፣ ከወደብ ወደብ። በዓመት አንዴ፣ ሲሳካለት ሁለቴ ይደውል ነበር። እቴቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ትቆማለች፤ መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ቶሎ አታስቀምጠውም። በኋላ ግን ስልኩ ቀረ። «እትዬ፣ ስልክ የማይደርስበት ባሕር ላይ ሆኖ ነው» ይላታል አባቴ። ወንድሟ ነውና አመነችው።

ተረቶቿ ሁሉ ከምጽዋ የመጡ ነበሩ። ሙቀቱ ከቤት ሲያባርር ሰው አልጋውን ተሸክሞ ደጅ እንደሚያድር፣ ጨው ከንፈር ላይ እንደሚደርቅ፣ ሌሊት ባሕሩን በእጅ ሲመቱት ብልጭ እንደሚል ስትነግረን፣ እኛ የበረዶ ልጆች ብርድ ልብሳችንን እንገፍፍ ነበር። ናቲ አማርኛ ይሰማል እንጂ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷም የሚለው ሳይገባት ትስቅለታለች።

ከሁሉ የምንወደው ስሙን ለባሕር የሰጠውን ሰው ተረት ነበር። ማዕበል ተነሥቶ መርከቡን ሊውጥ ሲል ባሕሩ መርከበኛውን «ከምትወደው አንዱን ስጠኝና ላሳልፍህ» አለው። ሚስቱን እንዳይሰጥ ይወዳታል፤ ዓይኑን እንዳይሰጥ መንገዱን ያጣል፤ ቢቸግረው ስሙን አውጥቶ ወረወረለት። ባሕሩ አሳለፈው። ስሙ ግን ያን ጊዜውኑ ከሚስቱ ልብ ሳይቀር ጠፋ፤ ስም የሌለውን ሰው ማን ይጠራዋል? ካልተጠራስ ቤቱን በምን ያገኛል? ስለዚህ ሚስትየው ማታ ማታ ባሕር ዳር ወርዳ በመጣላት ስም ሁሉ ትጣራለች። እዚህ ላይ ተራው የእኛ ነበር። እኔ የማውቃቸውን የአጎቶቼን ስም ሁሉ እደረድራለሁ፤ ናቲ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሾፌር ስም ይጠራል። እቴቴ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ታዘነብልና፣ «ዛሬም አልዞረም፤ ነገ እንሞክራለን» ብላ ታስተኛናለች።

ምሽጉን ያየነው በአንድ የበጋ ቅዳሜ ነው። የአባቴ ጓደኛ ሰለሞን ከእኛ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ይኖራል፤ ልጆቹን ይዘን ባሕር እንይ ያለው እሱ ነበር። ብዙ ነድተን ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ዳርቻ ስንደርስ፣ ከሩቅ ቀይ የጡብ ግንብ ታየን፤ ዱሮ የጦር ምሽግ የነበረ፣ አሁን ሰው የሚጎበኘው ፓርክ የሆነ፤ ዙሪያውን በውሃ ቦይ የተከበበ፣ አናቱ ላይ ጥቁር መድፎች ወደ ባሕሩ ያነጣጠሩበት። እቴቴ ከመኪናው ወርዳ አየሩን ሳበችና «ጨው አለው» አለች። እንደዚያ ቀን ፊቷ ሲፈታ አይቼ አላውቅም።

ሰለሞን እንግዳ ይዞ ነበር የመጣው። ቀጠን ያሉ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰው ናቸው። እቴቴ ከኋላ ኮፈን ዕቃ እያወረደች ሳለ ሰለሞን ከአባቴ ጋር አስተዋወቃቸው። «ጋሽ ታደለ ይባላሉ፤ የዱሮ የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። የመን ነው የኖሩት፤ በቅርቡ ነው የገቡት። ምሽግ እንሄዳለን ስላቸው ደስ አላቸው።»

አባቴ እጃቸውን እንደጨበጠ ቀረ። ያኔ ምኑም አልገባኝም፤ የከሰሉን ከረጢት በአንድ እጁ እንደያዘ ወደ እቴቴ ዞሮ ሲፈጥን ብቻ አየሁት። «እትዬ፣ ፀሐዩ ይበረታል፤ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ወደ ውስጥ ግቢ» አላት። ከዚያ ሰውየውን በክንዳቸው ይዞ፣ መድፎቹን ላሳይዎት እያለ ወደ ግንቡ ማዶ ወሰዳቸው። እናቴ እሳቱን ለማቀጣጠል ቀረች።

እኛ የገባንበት ክፍል ጣሪያው የተቆለመመ የጡብ ዋሻ ነበር፤ ዱሮ መድፍ የቆመበት። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ ኖራ ኖራ ይሸታል፤ በግድግዳው ላይ ባለችው ጠባብ የመተኮሻ ቀዳዳ ባሕሩ በቁራጭ ይታያል። ናቲ አንዴ ሲጮህ ድምፁ ዞሮ መጣበት፤ ሳቅን። እቴቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያንኑ ተረት ጀመረችልን። በጠራራ ፀሐይ ተረት ስትነግረን የመጀመሪያዋ ነበር። ስም መጣራቱ ላይ ስንደርስ ናቲ፣ «ዋይ ናት ጋሽ አስፋው?» አላት። ለምን እሱን አንጠራም ማለቱ እንደሆነ ነገርኳት።

ወደ መተኮሻዋ ዞራ ባሕሩን አየች። «እሱ እንኳ ስሙን ለማንም አልሰጠም» አለች ኋላ፤ «ግን ጥሩት እስቲ።»

ሦስታችንም አፋችንን ወደ መተኮሻዋ አድርገን አስፋው ብለን ተጣራን። ጡቡ ተቀብሎ መለሰልን። ደግመን ተጣራን። በሦስተኛው ጋሽ ታደለ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ፀሐዩ ጸንቶባቸው ጥላ ፍለጋ ከአባቴ ተለይተው መምጣታቸው ነው።

«ይቅርታ፤ አስፋው ሲባል ሰምቼ ነው» አሉ። «እኔም የሥራ ባልደረባዬ የነበረ አስፋው ነበረኝ። ምጽዋ።»

እቴቴ ተነሣች። «አስፋው ማን?»

«አስፋው ወልዴ።»

«ባለቤቴ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረበት።

እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እርስዎ ነዎት ስንዱ? እግዚአብሔር ያጽናዎት። በአካል አግኝቼ ሳላጽናናዎት መቅረቴ ሲቆጨኝ ነው የኖረው። ኤደን ነው ያሳረፍነው። የቀረን ጓደኞቹ ሁላችንም ነበርን፤ ብቻውን አልተቀበረም።»

«ማን?» አለች እቴቴ።

ሰውየው ፊቷን አዩ፤ ከዚያ እኛን አዩ፤ እጇን ግን አልለቀቁም። «የደወልኩት እኔ ነኝ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ወንድሟ ነኝ ያሉ ሰው አነሡት። ቀን አይቼ አረዳታለሁ አሉኝ።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

እጇን አስለቀቀችና ወጣች። እየሮጥን ተከተልናት። በግቢው ሣር አቋርጣ፣ የእንጨቱን ድልድይ ተሻግራ፣ ሥጋ ወደሚጠበስበት ዛፍ ሥር ቀጥ ብላ ሄደች። አባቴ ተመልሶ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰ ነበር።

«አስፋው ሞቷል?» አለችው።

ከኋላዋ የሚመጡትን ጋሽ ታደለን አየና እንጨቱን ጣለ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ ነው የጠየቅኩህ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው። ሰው አገር ላይ ብቻሽን እንዳትሰበሪብኝ ብዬ ነው። ቀን እየፈለግኩ ነበር።»

«ሰለሞን እህቱን ሲድር ከበሮውን የመታሁት እኔ ነበርኩ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሰው ከቦኝ ሲያጨበጭብ አንተ መጥተህ ግንባሬ ላይ ብር ለጠፍክ። ያኔ ባሌ አፈር ገብቶ ነበር?»

አባቴ ወደ ፍሙ ዞረ።

«ለፋሲካ ቀይ ቀሚስ ገዝተህ አለበስከኝ። ያኔስ?»

እናቴ «ስንዱዬ» ብላ ጀመረች።

«አንቺም ታውቂያለሽ?»

እናቴ ወደ እሳቱ አጎነበሰች። ሥጋው እያረረ ነበር፤ ጭሱ ሁላችንም ላይ ይመጣል፤ የሚያነሣው ሰው ግን አልነበረም። ሰለሞን እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ እሱ በእርግጥ አያውቅም ነበር።

እቴቴ ትታቸው ወደ ባሕሩ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ። ግንቡ ሥር ስትደርስ ባለአበባውን ሻሿን ፈታ፣ ነጠላ እንደሚታጠቁት ወገቧ ላይ አሰረችውና መሬት ተቀመጠች። ደረቷን እየመታች በዝግታ ሙሾ ማውረድ ጀመረች። የሚቀበላት የለም። ለቅሶ ቤት አይቼ ስለማውቅ አንድ ሴት ስታወርድ ሌሎቹ እንደሚቀበሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ምን እንደሚባል አላወቅኩም። አይስክሬም የያዙ ሰዎች እያዩን አለፉ።

ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ወጣት የፓርኩ ጠባቂ ፈጠን ብሎ መጣ። ተጎድታ እንደሆነ፣ አምቡላንስ ይጥራ እንደሆነ ጠየቀኝ። ባሏ ሞቶ ነው አልኩት። መቼ አለኝ። ምን እንደምለው ስላላወቅኩ ወደ እሷ ዞሬ ጠየቅኋት።

«ዛሬ ነው በይው» አለች። «አሁን ነው የሞተው።»

እንዳለችው ነገርኩት። ልጁ አስከሬን የሚፈልግ ይመስል ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ ግን የሆነ ነገር ገባው መሰለኝ፣ ባርኔጣውን አውልቆ በጉልበቱ ተንበረከከና በጣም አዝናለሁ አላት። ያለው ባይገባትም ራሷን ነቀነቀችለት። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ፤ የሚመጣውን ጎብኚ ሁሉ በእጁ እያመለከተ በሌላ በኩል እንዲዞር ያደርግ ነበር። ለአክስቴ ሐዘን መጀመሪያ የቆመላት ስሟን እንኳ የማያውቅ የሰው አገር ልጅ ነው።

አባቴ መጣና ብብቷ ሥር ገብቶ ሊያነሣት ሞከረ። «እትዬ ተነሺ፤ ሰው እያየን ነው። ቤት ሄደን በወጉ እናለቅሳለን።»

«ወጉን አንተ ነህ የበላኸው» አለችው።

በእኛ መኪና አልተመለሰችም። በሰለሞን መኪና ከጋሽ ታደለ ጎን ገባች፤ ምን ታሞ እንደነበር፣ ማን እንዳስታመመው፣ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ መንገዱን ሙሉ ስትጠይቃቸው እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ለቅሶው አሌክሳንድሪያ፣ በሰለሞን ቤት ተቀመጠ። ሰው ሁሉ መጣ፤ አባቴም እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ ደጅ ጫማውን አውልቆ ገብቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሽማግሌ ላከባት። ይቅር ብዬዋለሁ አለች፤ ሽማግሌዎቹን አብልታ አጠጥታ ሸኘች። ቤታችን ግን አልተመለሰችም። ስካይላይን በሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ከሌላ ሴት ጋር ክፍል ተጋርታ፣ የአንድ ሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ሥራ ጀመረች።

እናቴ የማታ ሺፍቷን ተወች፤ አባቴ ታክሲው ላይ የሚቆይበት ሰዓት ረዘመ። እኔና ናቲ ማታ ማታ ቲቪ እያየን እንተኛ ጀመር። ያኔ በልጅነት ልቤ የተቆጣሁት በእቴቴ ነበር፤ የሞተው ባሏ ነው፣ እኛን ለምን ትተወናለች እል ነበር። ምን እንደተደረገባት የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ከአባቴ ጋር ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ ላይ ትራፊክ ይዞን ቆመን ሳለ፣ ሳልጠይቀው፣ መንገዱን እያየ፣ «ብነግራት ትሄድብን ነበር» አለኝ። «ትሰበር ነበር» አይደለም ያለኝ፤ «ትሄድብን» ነው ያለው። ከዚያ ሬዲዮኑን ከፈተ። ክፉ ሰው አይደለም አባቴ። እህቱን ይወዳታል፤ ግን ታስፈልገውም ነበር፤ የትኛው እንዳስዋሸው ራሱም የሚያውቀው አይመስለኝም። እኔም ዛሬ ሁለት ልጆች ይዤ ከሥራ ወደ ሥራ ስሮጥ፣ ሊገባኝ ከምፈልገው በላይ ይገባኛል፤ ይህም ያበሳጨኛል።

እቴቴ አሁን አርጅታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አስቤዛ አደርስላታለሁ። ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ ተበላሸው አሳንሰር፣ ስለ ሰበካው ጠብ ታወራኛለች። ስለ ባሕር አታወራም። ባለፈው ሰሞን ትልቋን ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ ቤት ውስጥ ስለ እቴቴ ተረቶች ነግሬያት ስለነበር፣ ልጅቷ አጠገቧ ሶፋው ላይ ወጥታ በተሰባበረ አማርኛዋ «እቴቴ፣ ተረት ንገሪኝ» አለቻት።

እቴቴ ፀጉሯን ደባበሰችላት። «አላውቅም እናቴ» አለቻት፤ በቁጣ አይደለም፣ ሰዓት ስንት ነው ተብሎ እንደሚመለስ ያህል። ሪሞቱን ከትራሱ ሥር ፈልጋ ካርቱን ከፈተችላት፤ ድምፁንም ለልጅቷ ብላ ከፍ አደረገችው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩ ጀመር። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ያመጣሁትን ወተትና እንቁላል ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩ።