ልቡ የወጣ እንሰት

ልጅ ሳለሁ፣ ቦኖሻ አካባቢ ባለው የአባቴ ቤት፣ ከብቶቹ ጋጣቸው ገብተው የቀኑ ጫጫታ ጋብ ሲል፣ ሁላችንም ምድጃውን ከብበን የአክስቴን የአማረችን አፍ እንጠብቅ ነበር። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞቶባት ከግቢያችን አጠገብ ብቻዋን ትኖር ስለነበር ማታ ማታ ከእኛ ጋር ታመሻለች። ኩራዙ ጋዙን ቶሎ እንዳይጨርስ እሳቱ ዝቅ ይደረጋል፤ በደንብ ያልደረቀው የባሕር ዛፍ እንጨት እየጨሰ ዓይናችንን ይለበልበናል፤ እሷ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች በሃዲይኛ መተረኳን ትቀጥላለች። ያኔ የሚያስለቅሰን ጭሱ ይሁን ተረቱ ለይተን አናውቅም ነበር።

ደጋግመን የምናስተርካት የምቀኛውን ሰውዬ ተረት ነበር። ሰውዬው የድሃ ጎረቤቱ እንሰት ከሱ በልጦ ቢያይ ቅናት አንገበገበው። ጎረቤቱ ገበያ በሄደበት ቀን ገጀራውን ይዞ ገባና እንሰቱን ከአንገቱ ቆረጠው። ይህም አልበቃው ብሎ መሬት ውስጥ የቀረውን ጉቶ፣ አሚቾውን፣ መሃሉን ፈልፍሎ ልቡን አወጣና አፈርና እበት ደፍኖበት ሄደ። እዚህ ላይ አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ ታደርጋለች። እኛ እስክንጨነቅ ግን አትቆይም። ወዲያው ዝናቡን ታመጣዋለች፤ አንዱ እንሰት ከነበረበት ቦታ አፈሩን እየሰነጠቀ አንድ ቡቃያ፣ ሌላ ቡቃያ፣ ደግሞ ሌላ ብቅ ይላል፤ ድሃው ሰው ለመንደሩ ሁሉ ችግኝ ያድላል። «ልቡን ቢያወጡበት ልጆቹን ይዞ መጣ!» ስትል ሁላችንም በአንድ አፍ አብረን እንጮሃለን። ባል የሞተባት ሴት ተረቱን የምትነግረው ለራሷም እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ተረት ይባል እንጂ እኛ አገር እንሰት የሚራባው በእርግጥም እንደዚያ ነው። አሚቾው ልቡ ወጥቶ ይቀበራል፤ ዝናብ ሲያገኝ በዙሪያው ይበቅላል። የወንድ ሥራ ነው እያሉ ቢያጉረመርሙባትም አክስቴ የጓሮዋን እንሰት ራሷ ትቆርጥ፣ ራሷ ትፈለፍል ነበር። «ወንዱ ከመቃብር ተነሥቶ ይቁረጥልኝ?» ስትላቸው አፋቸውን ይይዛሉ።

ዛሬ ሆሳዕና ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ህዋስ ክፍፍል ሳስተምር የምጀምረው በዚሁ ተረት ነበር፤ ቆጮ ያልበላ ተማሪ የለኝምና ሁሉም ጆሮውን ይሰጠኝ ነበር። አንዱ ህዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። ህዋሱ ከመከፈሉ በፊት በውስጡ ያለውን መመሪያ ገልብጦ ለሁለቱም እኩል ያካፍላል፤ ሲገለብጥ ከተሳሳተ ቆም ብሎ ያርማል፤ ስህተቱ አልታረም ካለ ደግሞ ራሱን ያጠፋል። ማጭድ የቆረጠው ጣት የሚድነው በዚህ ክፍፍል ነው፤ ቁስሉ ሲገጥም ህዋሶቹ መብዛታቸውን ያቆማሉ። ካንሰር ግን «በቃ» ሲባል ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ህዋስ ነው እላቸው ነበር። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ያኔ እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር።

አምና ልጠይቃት ሄጄ አክስቴ ነጠላዋን ልታጣፋ ስትል ግራ እጇን ማንሣት ሲያቅታት አየሁ። «ብርድ ነው» አለችኝ። አላመንኳትም፤ አላመንኩም ብዬም ጨቀጨቅኋት። በመጨረሻ እጄን ይዛ ጡቷ ላይ አሳረፈችው። ሎሚ የሚያህል ጠጣር ነገር ነበር፤ ስገፋው አይንቀሳቀስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች መንደሩን ሁሉ የምትመክረው እሷ ነበረች፤ የራሷን ግን ከመከር እስከ መከር ደብቃዋለች።

ሆስፒታል ወስጃት በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱም የፈራሁት ሆነ። ሐኪሙ በትሕትና፣ «እናቴ፣ ሳይዘገይ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት» አላት። እሷም በትሕትና ራሷን ነቀነቀች። ከሆስፒታሉ በር እንደወጣን ግን «እኔን ብረት አይነካኝም» አለች።

ፀሎት ልታስቀድም መስሎኝ ነበር። ምክንያቷ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

«አንቺ ልጅ፣ ተረቱን ረሳሽው? ቆርጠው ልቡን ቢያወጡት በዙሪያው የተኛው ሁሉ አይነሣም?»

«አክስቴ፣ የሰው ሥጋ እኮ እንሰት አይደለም።»

«ተማሪዎችሽን በእንሰት አይደል የምታስተምሪው? ሾኔ የነበረችውስ የአጎትሽ ልጅ? ቆረጧት፤ ተበተነ፤ ሞተች።»

የአጎቴ ልጅ ሐኪም ዘንድ የደረሰችው በሽታው ጉበቷ ከገባ በኋላ ነበር። የበተነው ቢላዋው አይደለም፤ ቢላዋው ሲደርስ ተበትኖ ቆይቷል። ይህን ብዬ አስረዳኋት። በእንሰቱ ልብ ውስጥ በጎኑ የተኙትን ቡቃያዎች ቆዩ ብሎ የሚይዝ ነገር አለ፣ ልቡ ሲወጣ የሚነሡት ለዚያ ነው፣ የአንቺ ግን ማንንም የሚይዝ ልብ አይደለም፣ ራሱ ልጓሙን የበጠሰ ነው አልኳት። ክፍል ውስጥ ሳስረዳ አፌ እንዲህ አይተሳሰርም። እሷ ታዳምጠኝና «ጎበዝ አስተማሪ ነሽ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሄድኩ፣ በየሳምንቱ ሽንፈቴን ይዤ ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ። ተናድጄባትም ነበር። ልጆቿን ሁሉ ቀብራ እኔ ብቻ የቀረሁላት ይመስል አለቀስኩ፤ ልጅ ግን ወልዳ አታውቅም፣ ልጇ እኔ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ስደርስ የጎረቤት ሴቶች ጓሮዋ ተሰብስበው እንሰት እየነቀሉ ነበር። ለቆጮ የደረሰ እንሰት ሲነቀል ዙሪያው በደንብ ተቆፍሮ፣ ሥር ሥሩ ተቆርጦ፣ አሚቾው ሳይቀር ይወጣል። ሴቶቹ እየተቀላለዱ ይፍቃሉ፣ አሚቾውን ይከትፋሉ፤ አክስቴ በደህና እጇ ቅጠል ታቀብላለች። የወጣውን አሚቾ አየሁና ሳላስበው «ይሄስ ተመልሶ ይበቅላል?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «ምኑ ይበቅላል? ከነሥሩ ወጥቶ?»

ሳቋ መሃል ላይ ቀረ። ጉድጓዱን አየች፣ እኔን አየች። ሴቶቹ ጨዋታቸውን አላቋረጡም፤ ማንም ልብ አላለንም። እኔም ለአንድ ጊዜ ማስረዳቴን ትቼ ቅጠሉን ከእጇ ተቀበልኩ።

ቀስ ብላ «ሥሩ ቢቀርስ?» አለችኝ።

«ቢቀርም ማድረቂያ መድኃኒት አለው» አልኩ፤ እርግጠኛ ሳልሆን እርግጠኛ ለመምሰል እየሞከርኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሆሳዕና መጣች።

ሐኪሞቹ ጡቷን አወጡ። ብብቷ ውስጥም አንዳንድ እጢ አግኝተው እሱንም አወጡ። ከዚያ አዲስ አበባ እየተመላለሰች በደም ሥሯ የሚሰጣትን መድኃኒት ጨረሰች። መድኃኒቱ ሳያቋርጥ የሚከፈለውን ህዋስ እያሳደደ ይመታል፤ ጸጉርም ዘወትር የሚከፈል ህዋስ አለውና ጸጉሯ ረገፈ። «ገበሬው አረሙን ሲያርም ጤፉንም ነቀለው» ብላ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። አሁን የሚቀጥለውን ምርመራ እየጠበቅን ነው። ክፍል ውስጥ ያን ምዕራፍ ሳስተምር ተረቱን ትቼዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ለምን እንደሆነ አያውቁም።

ባለፈው ሳምንት እኔ ቤት አርፋ ሳለች አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስኩ። ትንሿ ልጄ አክስቴ እግር ሥር ቁጭ ብላ፣ ከእኔ የሰማችውን የምቀኛውን ሰውዬ ተረት እንድትነግራት ለመነቻት። ልከለክላት አፌን ስከፍት አክስቴ በእጇ ምልክት ዝም አሰኘችኝና ጀመረች። ድምፅዋ ከስቷል፤ አተራረኳ ግን ያው የያኔው ነው። ገጀራው ገባ፣ እንሰቱ ተቆረጠ፣ ልቡ ተፈልፍሎ ወጣ፣ አፈሩ ተደፈነበት። ያኔ የምትጣደፍበት ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ሳታውቀው ወደ ብብቷ ሄደ።

«ከዚያስ?» አለች ልጄ።

አክስቴ ሻማውን ትክ ብላ አየችው።

«ከዚያማ፣ የኔ ልጅ፣ ዝናቡን ጠበቁ።»

ልጅ ሳለሁ ያን ሁሉ ማታ ስሰማው ተረቱ ሰዎቹ ዝናቡን የጠበቁበት ጊዜ እንዳለው ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።