ከጥዱ እግር ሥር የተነሣው ሣር

ሂሳኖ በሃኮኔ ተራራ፣ አንድ የፍል ውሃ ማረፊያ ቤት ውስጥ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የእንግዳ ፍራሽ ስታነጥፍና ስታጥፍ ኖራ ጡረታ ወጣች። የራሷ የምትለው ነገር ቢኖር አንድ ሣር ነው። ባሏ በሞተ ዓመት ወደ ጅረቱ ስትወርድ፣ ከገደሉ ላይ አንድ ጭብጥ የሚሆን ሣር ከነሥሩ ነቅላ ግራጫ ሸክላ ውስጥ ተከለችው። የዚህ ሣር ቅጠል ከሥሩ ተጠማዝዞ ጀርባውን ለሰማይ ይሰጣል። በየሁለት ዓመቱ በጸደይ ታወጣውና የሞተውን ሥር በመቀስ ታጸዳለታለች። ከሐምሌ በኋላ ግን ምንም ምግብ አትሰጠውም፤ ሲራብ ነው የሚቀላው። ኅዳር ሲገባ ፍም ይመስላል።

ጎረቤቷ ኩሳካቤ የጥድ ሰው ናቸው። ከአያታቸው የወረሱትን ጥድ ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ በክንድ ቁመት ወስነው ያሳድጋሉ። በየዓመቱ በመንደሩ አዳራሽ በሚደረገው የመጸው ትርኢት ጥዱ ከፍ ያለ የእንጨት መደብ ላይ ይቆማል፤ ከእግሩ ሥር አንድ አጃቢ ሣር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ወጉ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አጃቢው የሂሳኖ ሣር ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ኩሳካቤ እንደ ልማዳቸው ሣሩን ሊዋሱ ሲመጡ፣

«ዘንድሮስ የራሱን መደብ ልጠይቅለት አስቤያለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

«ለሣር? ከርሞ ደግሞ ሽንኩርትዎን ያመጡልናላ።»

«ሽንኩርቴ ገና አልደረሰም፣ አቶ ኩሳካቤ።»

ኩሳካቤ ሳቁ። የትርኢቱ ሽማግሌዎች ግን ጥያቄዋን ተቀበሉ።

መስከረም ላይ እህቷ ስለታመመች ሂሳኖ አሥራ ሁለት ቀን ልታስታምማት ስትሄድ፣ ሣሩን ውሃ እንዲያጠጡላት አደራ ያለችው ኩሳካቤን ነበር። ስትመለስ ሣሩ ለምልሞ፣ ወፍሮ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃት። ጎንበስ ብላ አፈሩን ስታይ የተድቦለቦሉ አምስት ቡናማ ነገሮች አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጎመን ዘር ፋጉሎ ነዋ፣ ማዳበሪያ። ለጥዴ ሳበላ የእርስዎ ሣር አንጀቴን በላው። እንዴት እንዳማረበት አያዩም?»

«አምሮበታል» አለች።

ጥድ በመስከረም ካልበላ የብርዱን ወራት አይችልም፤ የጥድ ሰው እጅ በዚያ ወር ማብላት ብቻ ነው የሚያውቀው። የጠገበ ሣር ግን ሳይቀላ ይደርቃል። ሂሳኖ ፋጉሎውን ለቀመች። በየጠዋቱ ሸክላውን ታቅፋ ጅረቱ ድረስ እየወረደች፣ አፈሩ የዋጠውን እስኪተፋ በሚፈሰው ውሃ ታጥበው ጀመረች። ፀሐይም ብርድም የሚያገኘው ድንጋይ ላይ አሳደረችው። ጥቅምት ሲያልቅ ሣሩ አሁንም አረንጓዴ ነበር።

ኩሳካቤ ሣሩ በፋጉሎው ሳይቀላ መቅረቱን ሰምተው፣ ትርኢቱ አራት ቀን ሲቀረው መጡ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። እንደ ድሮው ከጥዴ ሥር ይሁን። እዚያ አረንጓዴም ቢሆን ማንም ልብ አይለው።»

«ልብ እንዲሉት ነው የምፈልገው» አለች ሂሳኖ።

በማግስቱ ውርጭ ወረደ፤ በሦስተኛውም ቀን ደገመው። በትርኢቱ ጠዋት የሣሩ ዳር ዙሪያውን ቀልቷል፤ መሃሉ ግን እንደ ሰኔ ነው። እንዲሁ መደቡ ላይ አስቀመጠችው። የአዳራሹ በር በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ ቀዩን ያጎነብሰዋል፤ አረንጓዴው ብቅ ይልና ተመልሶ ይሸፈናል። ሰው በሩ እስኪከፈት ቆሞ መጠበቅ ያዘ። አንድ ሽማግሌ ሆን ብለው ሦስት ጊዜ ወጥተው ገቡ።

«የኔ ፋጉሎ ነዋ እንዲህ ያሳመረው» አሉ ኩሳካቤ።

«እሱማ ልክ ነው።»

«ለከርሞስ ለጥዴ ያውሱኛል?»

ሂሳኖ ቀና አለች። «ጥድዎን ያምጡት። ከሣሬ ሥር ዝቅ አድርገን እናስቀምጠዋለን።»

ከኩሳካቤ ኋላ የቆሙት ሴቶች ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ሂሳኖ እጅ ነሥታ ይቅርታ ልትጠይቅ ቃጥቷት ነበር። ግን ሐሳቡን ተወችው።