ምራቴን ክኒን ላስውጥ፣ ከልደታ እስከ ቴፒ

ሐሙስ ከሰዓት፣ ልደታ

ስልኩ ሲጮኽ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ምራቴ አኪኒ ናት። አገሯ ኬንያ ነው፤ ልጄ ቢኒያም ናይሮቢ መካኒክ ሳለ አገባት፤ አሁን ቴፒ አጠገብ፣ ጫካ ውስጥ ያለ የቡና እርሻ ላይ ይኖራሉ። ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል።

«እማማ፣ ወባ ያዘኝ። ግን አይዞሽ፣ ክኒን አልነካሁም። ጠበሉ ሰባት ቀን አልሞላም።»

ክው አልኩ። ጠበሉን ባለፈው ሳምንት፣ ለበረከት ሰባት ቀን ጠጪው ብዬ በሰው የላክሁላት እኔ። «ጠበል ላይ መድኃኒት አይጨመርም» ያልኳትም እኔው ነኝ፤ እናቴ ስትል የሰማሁትን። «ዋጪው! አሁኑኑ ዋጪው!» ስል ኔትወርኩ ጠፋ፤ ብደውል ብደውል አልገባ አለ። ቢኒያም ማሽን ሊያመጣ ጋምቤላ ሄዷል፣ የሱም ስልክ አይሠራም።

ሮጬ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ አብሮ ይወሰዳል። ማን ከለከላት?» አሉኝ።

«እኔ» አልኩ።

አርብ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሳ። ወልቂጤ ላይ ሁሉም ለቁርስ ሲወርድ እኔ ፌስታሌን አቅፌ ቀረሁ።

«እናት፣ አይበሉም እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ።

«አንተ ብላና ቶሎ ንዳልኝ። ምራቴ ታማብኛለች።»

«ለምራት እንዲህ የሚሆን አማት ዛሬ ገና አየሁ!» ብሎ ጥሩምባውን አንባረቀው። «ሻያችሁን ጨልጡት፣ እንሂድ!» ሰዉ ዳቦውን እንደያዘ ገባ። ማንም አላጉረመረመም፤ እግዜር ይስጣቸው። የጊቤን ቁልቁለት ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩ። ጅማ አደርን።

ቅዳሜ

ቦንጋ ጭጋግ ነው፤ መንገድ ዳር ማር በጀሪካን ይሸጣሉ። ከዚያ ጫካ፣ ጫካ፣ ጫካ። ከቴፒ ወዲያ መኪና ስለሌለ የእርሻው ትራክተር ተጎታች ላይ፣ ጆንያ መሀል ተቀመጥኩ። ይቺ ልጅ በዚህ መንገድ ነው የመጣችው? ብቻዋን፣ ቋንቋ ሳታውቅ?

ቤታቸው ቆርቆሮ ነው። ደጃፏ ላይ የአገሯን ጎመን ተክላለች። የእርሻው ክሊኒክ ነርስ በር ላይ ቆሟል።

«አማቷ እርስዎ ነዎት? ለምኜ ለምኜ ደከመኝ። ‹እማማ ሰባት ቀን ብላለች› ትለኛለች።»

ቡና ለቃሚዋ ጎረቤቷ ሳቀችብኝ። «እኛ የአማታችንን ቃል ባንድ ጆሮ ሰምተን ባንዱ እናፈሳለን። ይቺ የሰው አገር ልጅ አሳፈረችን!»

ገባሁ። ዓይኗ ጎድጉዷል። «እማማ፣ አምስት ቀን ሆነኝ» አለች፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

«ይበቃል ልጄ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ይህን ለወለድኳቸው እንኳን ብዬ አላውቅም። ነርሱ የሰጠኝን ክኒን ምላሷ ላይ አድርጌ፣ ያንኑ ጠበል በኩባያ ቀድቼ አስዋጥኳት።

ሰኞ

ትኩሳቱ ለቋል። ነርሱ «ከዚህ በኋላ አያሰጋም» ብሎኛል። ዛሬ የአገሯን የበቆሎ ገንፎ አማራት፤ እኔ ሳማስል አይታ «እማማ፣ ይሄ አጥሚት ነው!» ብላ ሳቀች። ቢኒያምም ደርሷል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምራቴ ድናለች። እኔም ደህና ነኝ።