አደስ የነካው በርኖስ

ሱፍ በዝናብ ርሶ ሙቀት ሲያገኝ የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ ሰው ምኑን ኖረው እላለሁ እኔ። እዚህ ፍራንክፈርት ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ካፊያው ጀምሮ አላቋርጥ ሲል፣ ከሰፈሬ ከጉትሎይትፊርቴል ወደ ትልቁ ባቡር ጣቢያ በሚሄደው ትራም ተሳፍሬ ቁጭ ባልኩበት፣ አንዳንድ ቀን ወፍራም አረንጓዴ የሱፍ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ከዝናቡ ሸሽቶ ይገባና አጠገቤ ይቆማል፣ ያኔ አባቴ በርኖሱን እንደደረበ አብሮት ገብቶ ከጎኔ የተቀመጠ ይመስለኛል። ምን አሳፍሮኝ፣ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸታለሁ። አንዱማ የወደድኩት መስሎት ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝ፣ እኔም ደስ ይበለው ብዬ ጥርሴን ብልጭ አደረግሁለት።

የመንዝ ልጅ ነኝ፣ የመንዝ ብርድ ደሞ አይቀለድበትም። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲይዝ እናቴ እሳት ዳር ቁጭ ብላ የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር፣ አባቴም ፈትሉን እያጠራቀመ ባናውንም በርኖሱንም ያሠራ ነበር። ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ነፋስ ሲጀምር ደሞ አሮጌ ምንሽሩን አንግቶ ወደ ቆላው ጫካ ይወርድና ድኩላ ያድን ነበር። ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው በርኖሱን ከብቶቹ የሚያድሩበት ጋጥ ውስጥ ይሰቅለዋል፣ ከዚያ ወዲያ እናቴ በሳሙና ልጠብልህ ብትል ጉድ ይፈላ ነበር። «ልብስህ ከጮኸ ድኩላው ይሰማሃል፣ ልብስህ ከሸተተ ድኩላው ሳያይህ ያውቅሃል። አዲስና ንጹሑን ለቤተ ክርስቲያን ልበሰው፣ ለጫካ አሮጌ ነው» ይል ነበር። ይሄን የሚናገረው ለወንድሜ ለጌታነህ ነው እንጂ ለኔ አይደለም። እኔ ግን እንጨት የምሰብር መስዬ ሁሉንም እሰማ ነበር።

ጌታነህ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አስራ አንድ ዓመት ሲሆነው አባቴ ያረጀ በርኖሱን አስቆርጦ በልኩ አሠራለትና «ዘንድሮ አብረኸኝ ትወርዳለህ» አለው። ያ ልጅ እንዴት ተንቀባረረ! በርኖሱን ደርቦ ግቢውን ሲዞር ዶሮዎቹ እንኳ መንገድ የሚለቁለት ይመስል ነበር። ከተረፈው ቁራጭ ለኔ ምን ተሰጠኝ መሰላችሁ? የድስት መያዣ! «እኔስ?» ብዬ አባቴን ብጠይቀው «አንቺ እናትሽ ጋ ሁኚ» አለኝ፣ አለቀ። በቅናት አረርኩ። ጌታነህ ቁጭ ካለ አንዴ ጆሮውን አንዴ ብብቱን ሳያክ የማይውል ልጅ ነው፣ እኔ ግን ድመት አይጥ እንደምትጠብቅ ዝም ብዬ መቀመጥ እችል ነበር።

ታዲያ ሊወጡ ባሰቡበት ዋዜማ፣ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ለዓመት በዓል ብላ በቅል ያኖረችውን የራስ ቅቤ አወጣሁ። አደስ የገባበት ቅቤ ነው፣ አንድ ሴት ተቀብታው ካለፈች መንደሩ ሁሉ ዞር ብሎ የሚያያት። በጣቴ ጠለቅ አድርጌ የጌታነህን በርኖስ አንገትጌ ከውስጥ በኩል ቀባሁት፣ ቀባሁት፣ ከዚያ እጄን በአመድ አሽቼ ቁጭ አልኩ።

ሦስት ቀን ቆይተው ባዶ እጃቸውን መጡ። አባቴ አልተቆጣም፣ አልመታም፣ ደጃፉ ላይ በርኖሱን ከልጁ ትከሻ አወለቀና አንገትጌውን አሽትቶ «የሴት ራስ ይሸታል። ከንግዲህ አንተ እቤት ሁን» አለው። ጌታነህ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ፣ ጀርባው ብቻ ነበር የሚታየኝ። እኔ ከጎተራው ኋላ ሆኜ አፌን በእጄ ይዤ እስቅ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አባቴ ብቻውን ወረደ። እኔን መች ወሰደኝ!

ይሄ ሁሉ ተረስቶ፣ ወልጄ አሳድጌ፣ ልጄ ሰብለ እዚህ አመጣችኝ። ሰብለ ኤርፖርት ነው የምትሠራው፣ ባሏ ጀርመን ነው፣ ልጃቸው ሊያ ትባላለች። ሰብለ ቅዳሜ ቅዳሜ ሺሽት የሚሉት የሥራ ተራ ስላለባት፣ ቅዳሜና ሊያ የኔ ነበሩ። በጋ ሲሆን ማይን ወንዝ ዳር ወርደን ጀርመኖቹ የአባይ ዝይ የሚሏቸውን ዝዮች እናያለን። «እነዚህ ዝዮች እንዳንቺ ከአባይ ነው የመጡት፣ እምዬ» ትለኛለች፣ ያውም በጀርመንኛ፣ እኔ ባማርኛ አወራታለሁ እሷ በጀርመንኛ ትመልሳለች፣ እንዲሁ ስንግባባ እንውል ነበር።

ሊያ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ጊዜ፣ መስከረም ላይ፣ ኦፓ የምትለው ያባቷ አባት ዲተር ቅዳሜዬን ወሰደብኝ። ዲተር ጡረታ ወጥቶ አደን የያዘ ሰው ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ተራራ ጫካ ውስጥ ከፍ ያለ የእንጨት ማማ አለው፣ ልክ እኛ አገር ማሽላ እንደምንጠብቅበት ያለ፣ እዚያ ወጥቶ አጋዘን ይጠብቃል። «ቅዳሜ ከኦፓ ጋር ነኝ!» ብላ ሊያ ስትፈነድቅ፣ ያ የልጅነቴ ቅናት አንድም ሳይጎድል ተመልሶ ሆዴ ውስጥ ቁጭ አለ።

በዚህ ላይ ሄልጋ መጣች። ሄልጋ የዲተር ሚስት ናት፣ ኖርድኤንድ የሚባል ሰፈር ነው ቤታቸው። ልጅቷን ከአዳኞች ሱቅ ወስዳ አዲስ ጃኬት አልብሳት፣ ለኔ ልታሳይ ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥታ መጣች። አረንጓዴ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ኪሱ ብዛቱ፣ ዚፑ ብዛቱ። ዋጋውንም ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ሊያ እጇን ስታነሳ እጅጌው ከጎኑ ጋር ተፋጭቶ ኮሽ፣ ስታወርድ ኮሽ፣ ስትዞር ኮሽኮሽ። የደረቀ የበቆሎ ቅጠል ላይ የሚሄድ ሰው በሉት። እኔ ያባቴ ልጅ ወዲያው ገባኝ። ይሄን ለብሳ ማማ ላይ ከወጣች አጋዘኑ ጎረቤት አገር ድረስ ነው የሚሮጠው።

ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ቅዳሜዬ ትዝ አለኝና «ሾን፣ ሾን! በጣም ያምራል!» አልኩ። ሄልጋ ደስ ብሏት ሳመችኝ።

እንዳሰብኩትም ሆነ። ሁለት ቅዳሜ ወጡ፣ አንድ ጭራ ሳያዩ ተመለሱ። ሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ሰብለ ሊያን ይዛልኝ መጣች። ዲተር «ልጅቷ ቁጭ ብላ መቆየት አልቻለችም፣ ትደግና ትሞክር» አለ አሉ። እኔ በልቤ እልል እያልኩ የምትወደውን ፓስታ ሠርቼ አቀረብኩላት። አልነካችውም። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ከዚያ ያቺ ሁልጊዜ በጀርመንኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ባማርኛ «እኔ አልተንቀሳቀስኩም እምዬ። ትንፋሼንም ይዤ ነበር። ጃኬቱ ነው የጮኸው» አለችኝ።

ያቺን ትንሽ ጀርባ ሳይ ጌታነህን አየሁት። 

«እንደሚጮህ አውቄ ነበር» አልኳት።

ዞር አለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቅዳሜሽን ፈልጌው ነዋ።»

«አንቺ ክፉ ነሽ!» አለችኝ፣ ይሄን ደሞ በሁለቱም ቋንቋ ደገመችው፣ እንዳይጠፋኝ።

«ነኝ። በይ ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ፣ ፍሎማርክቱ ሳይበተን እንድረስ።»

ፍሎማርክት ማለት ሰው ያረጀ ዕቃውን አውጥቶ ወንዙ ዳር የሚዘረጋበት ገበያ ነው። እዚያ ሄደን ከጨርቅ ክምሩ ላይ ጎንበስ አልን። የያዝኩትን ሁሉ ጆሮዬ ሥር አስጠግቼ አሻለሁ፣ ከጮኸ እወረውረዋለሁ። ሊያ መጀመሪያ አኩርፋ ቆመች፣ ቆይታ እሷም ማሸት ጀመረች። አንድ የሚያምር ካፖርት አግኝታ ስታመጣ አዝራሩ ሁሉ ብረት ነው፣ ነቅነቅ አድርጌ «ይሄማ ቃጭል ነው፣ ደሞ በግ ልትመስይ ነው?» ብላት ሳቋ አመለጣት። መስመር መስመር ያለው ሱሪ ሰጠችኝ፣ ጭኑን ከጭኑ ባፋጨው ፍጭ ፍጭ አለ፣ እሱንም መለስነው። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት የሞተ ባሏን ልብስ ዘርግታ አገኘናት። ከዚያ መሀል መልኩ የደረቀ ቅጠል የሚመስል ወፍራም የሱፍ ካፖርት፣ እዚህ ሎደን ይሉታል፣ አነሳሁ። ባሸው ድምፅ የለም። ባሸተው የእንጨት ጭስና የሽማግሌ ሽታ ነው። በርኖስ! እጅጌ ያወጣ በርኖስ! ባልቴቷ ዓይኔን አይታ ነው መሰለኝ፣ የሄልጋ ጃኬት አንድ ኪሱ በማይገዛበት ዋጋ ለቀቀችልኝ፣ ለስላሳ የሱፍ ሱሪም ጨመረችልኝ። ካልሲ ተደርቦ እንዲገባ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ የላስቲክ ቦት ይዘን፣ እየተጓተትን እቤት ገባን።

ሳምንቱን ሙሉ ስቆርጥ ስሰፋ ሰነበትኩ። ከታች ሁለት ስንዝር አነሳሁለት፣ እጅጌውን አሳጠርኩ፣ የቀንድ አዝራሩን ፈትቼ ጨርቅ የለበሰ አዝራር ተከልኩበት። አንድ ቀን ሰብለ ከሥራ ወደኔ መጥታ፣ ያንን ሽቶ የሞላበትን የልብስ ማለስለሻ ጨምራ ካፖርቱን ወደ ማጠቢያ ማሽኑ ልትከት ስትል ደርሼ ነጠቅኋት። «እማዬ፣ ይሸታል እኮ!» «ይሽተት! እንዳትነኪው!» አልኳት፣ ወስጄም በረንዳው ላይ ለዝናብና ለነፋስ ሰቀልኩት። ከታች ከቆረጥኩት ቁራጭ ደሞ አንድ ነገር ሠራሁ፣ ቆዩ እነግራችኋለሁ።

ዓርብ ዕለት ሊያን ካፖርቱን አልብሼ ኖርድኤንድ እነዲተር ቤት ሄድኩ። ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው፣ ሊያ እያስተረጎመችልኝ፣ ለዲተር «ልጅቷ ቁጭ ማለት ትችላለች። የጮኸው ጃኬቱ ነው። እኔ አውቄ ዝም ብዬ ነው» አልኩት። ሊያ የመጨረሻዋን ቃል አልዘለለችልኝም። ሄልጋ ደነገጠች። ዲተር የካፖርቱን እጅጌ ያዘና ጆሮው ሥር አሸው። ከዚያ አንገትጌውን አሸተተ። ልክ እንዳባቴ። 

«ማን አስተማረሽ?» አለ።

«አባቴ። እኔን ግን አይደለም ያስተማረው» አልኩ።

ዲተር ሲስቅ ጊዜ፣ ልጅቷን መልሶ እንደሚወስዳት፣ ቅዳሜዬም እንደሄደች ገባኝ። ለሄልጋ ከቁራጩ የሠራሁላትን ሰጠኋት፣ የድስት መያዣ። ደስታዋ! ማድ ቤቷ ምስማር ላይ እስካሁን ተሰቅሏል። ስሄድ ባየሁት ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

በማግስቱ ሲመሻሽ ሊያ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። እናቷ ጋ ሳይሆን እኔ ጋ። ዝናብ መቷት፣ ካፖርቱ ርሶ፣ ያ ሽታ ከሷ ቀድሞ በሩን ገባ። እናት አጋዘን ከሁለት ልጆቿ ጋር ማማው ሥር መጥታ ሣር ስትግጥ፣ ሊያ ትንፋሿን ይዛ ከላይ ስታያት፣ አጋዘኗ ቀና ብላ ምንም ሳትጠረጥር መልሳ ስታቀረቅር፣ ሁሉንም ነገረችኝ። ኦፓ እናት ናት ብሎ አልተኮሰም። እኔ አቅፌያት ብዙ ቆየሁ፣ ግማሹ ለሷ፣ ግማሹ ለሽታው።

ያን ሰሞን ሆዴ አላስችል ብሎኝ መንዝ ለጌታነህ ደወልኩለት። ልናዘዝ ነው። የሊያን ነገር መጀመሪያ አወራሁለትና «አንተም እኮ ያኔ...» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ።

«እኔንማ እማዬ ናት ያስቀረችኝ» አለ።

«እማዬ?»

«አዎ! የራስ ቅቤዋን በርኖሴ ላይ ቀብታ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ጫካ ከወረደ ገደል ይገባብኛል ብላ ፈርታ እኮ ነው። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ በልቤ ግን ስመርቃት ኖሬያለሁ። ምን ታደርጊዋለሽ እህቴ፣ ካንቺ ይልቅ እኔን ነበር የምትወደው!»

ብሎ ሳቀብኝ። እዩልኝ እንግዲህ! ቅቤውን የቀባሁት እኔ፣ የተወደደው እሱ። በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔ እስኪቀላ ቀናሁ። «አይ አንተ ጅል፣ እኔ ነኝ!» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩትና «እውነትህን ነው፣ አንተን ነበር የምትወደው» አልኩት። ይሄን ታሪክ ሰብለ ናት የጻፈችልኝ፣ ጌታነህም እንደኔው ፊደል ስላልቆጠረ አያነበውም፣ እናንተም አደራ አትንገሩብኝ።

ሊያ አሁን ከኔ በቁመት በልጣለች። ካፖርቱ ካጠራት ቆየ፣ ሌላ ትልቅ ከዚያው ወንዝ ዳር ራሷ መርጣ ገዛች፣ ስትመርጥም ጆሮዋ ሥር ታሻለች አሉ። ቅዳሜዎቿ ወደ ጫካውም ወደ ጓደኞቿም ይሄዳሉ፣ ለኔ አንዳንዱ ይደርሰኛል። ትንሹ ካፖርት እኔው ጋ ኮሪደር ላይ ተሰቅሏል። ያኔ መንዝ በርኖሱ የወንድሜ ነበር፣ እኔ በሩቁ ነበር የማየው። ዛሬ ማንም አይከለክለኝም፣ ካፊያ በጣለ ቀን በረንዳ ላይ አውጥቼ አርሰውና ማሞቂያው አጠገብ ሰቅዬ እስኪሸተኝ እጠብቃለሁ። ባለፈው ሰው እቤት ሳይኖር ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ መስታወት ፊት ቆምኩ። ክንዴን አነሳሁ፣ አወረድኩ፣ ዞር አልኩ።

ልኬ አይደለም። ግን አይጮህም።