የኮኪቱ ሯጭ

ባለፈው እሁድ ልጄ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ የጫማዋን ማሰሪያ ስታጠብቅ አየኋትና «ወዴት ነው?» አልኳት። «ሩጫ» አለችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ከአዘዞ ወጣ ብለው ይሮጣሉ፤ ከዚያ አንዷ ቤት ተሰብስበው ጥሩ ምግብ ሠርተው ይበላሉ፤ ወይን ይቀማምሳሉ። አንዳንዴም ወደማያውቁት አገር ይሄዱና እዚያ ሮጠው፣ የአገሩን ምግብ በልተው ይመለሳሉ። አኗኗራችን ነው ትላለች። «ማን አዝዟችሁ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ማንም» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም። ሰው በከንቱ እንደማይሮጥ የተማርኩት መተማ በረሃ ነው። ትምህርቱ ስሕተት መሆኑንም ያወቅኩት እዚያው ነው፤ ግን ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አጎቴ ጋሽ ውበቱ ከኮኪት ወጣ ብሎ የሰሊጥ እርሻ ነበራቸው። እኔን ተቆጣጣሪ አድርገው ወደ ጎንደር ሲመለሱ «ልጄ፣ ሰሊጡን አደራ» አሉኝ። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ከታች ያለው ፍሬ አፉን መክፈት ይጀምራል፤ በዚያ ሰሞን ካልታጨደ ነፋስ ነካ ባደረገው ቁጥር ዘሩ ዋልካው አፈር ላይ ይረግፋል። የረገፈውን የሚለቅመው ወፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በጥቅምት ባለ እርሻ ሁሉ የሚሻማው በአጫጅ ነው። ከጎጃምና ከወሎ የወረዱትን ሠራተኞች ከአንዱ ዳስ አባብሎ ሌላው ማሳ ላይ የሚያሰማራ አስኮብላይ አይጠፋም። ያን ጊዜ ጎረቤት ሰላም ሊልህ ቢመጣ እንኳ ዓይኑ ከአጫጆችህ ላይ ነው።

በዚህ መሀል ነው አንድ ሰው በየጠዋቱ ሲሮጥ የታየው። ቁምጣ ለብሶ፣ በሸራ ጫማ፣ ከኮኪት ተነሥቶ በዳሳችን አጠገብ ያልፍና ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ይጠፋል። ሲያልፍ ለአጫጆቼ እጁን ያነሣል፤ እነሱም ያነሡለታል። ይኼ እጅ ማንሣት እንቅልፍ ነሣኝ። ባጠያይቅ አዲስ የመጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፣ ሙላት ይባላል አሉኝ። ኮኪት ሱቅ ያላቸው ሐጂ ዑመር ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባለፈው ሱዳን፣ ጋላባት ድረስ ተሻግሮ ፉል በሰሊጥ ዘይት በልቶ መጣ» አሉኝ። «ለምን ሄድክ ብለው፣ ይጣፍጣል አለኝ። ለፉል ብሎ ድንበር የሚሻገር ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አላውቅም ነበር።

የአጫጆቹ አለቃ አያ ታከለ የሚባሉ የጎጃም ሰው ነበሩ። ረጋ ያሉ፣ ሳይጸልዩ እህል የማይቀምሱ፣ በዚያ በረሃ የማምናቸው ብቸኛ ሰው። አንድ ቀን ወደ ጥግ ወሰዱኝና «ወንድም ዓለም፣ ይኼ ሰውዬ በደኅና አይሮጥም» አሉኝ። «የት እንደሚደርስ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝ ራስህ ተከትለህ እይ። አጫጆቹን እኔ እጠብቅልሃለሁ።» እኔ ጅሉ ከልቤ አመሰገንኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ተከተልኩት። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነበርና መደበቁ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ሩጫው ነው። ኮንጎ ጫማዬ እግሬን ላጠው፤ ጎኔን ወጋኝ። ሰውየው ከመንገዱ ተገንጥሎ ወደ ጓንግ ወንዝ ወረደ። ወንዙ ዳር ካለ ሾላ ቅርንጫፍ ላይ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተንጠልጥሏል። መሣሪያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሲፈታው ከነቅዝቃዜው የወይን ጠርሙስ ወጣ። ከዚያ ውሃው ውስጥ ያሳደረውን መንጠቆ ስቦ አንድ ደህና ዓሣ አወጣ፤ እሳት አንድዶ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነሰነሰበትና ፍሙ ላይ ጣለው። ሽታው እኔ ያለሁበት ቁጥቋጦ ድረስ መጣ።

«ና ብላ» አለ ዞር ሳይል። «ከዳስህ ጀምረህ ስታለከልክ እየሰማሁህ ነው።»

አፍሬ ወጣሁ፤ ግን አለመጠየቅ አልቻልኩም። «አጫጆቼን ለማን ነው የምታስኮበልለው?»

ፊቱ ጠቆረ። «እኔ የምሮጠው ሲርበኝ ምግብ ስለሚጣፍጠኝ ነው» አለኝ። «አንተ ግን ሰው ሲሮጥ ስታይ የሚያባርረውን ነው የምትፈልገው።»

ዓሣውን በላሁ። እንዲያ የጣፈጠኝ ምግብ ከዚያ በኋላም ትዝ አይለኝም። ወይኑን ግን እሱ ቀድሞ እስኪጠጣ ጠበቅኩ። እሱም ገብቶት፣ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠጣልኝ።

አብረን ስንመለስ ዳሱ ባዶ ነው። በወባ የተኛ አንድ የወሎ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር። «አንተ እንደወጣህ አያ ታከለ ትራክተር አስመጥተው ሁሉንም ጭነው ሄዱ» አለኝ። «የተሻለ እርሻ አግኝቼላችኋለሁ ነው ያሏቸው።» ለካ የፈሩት ሯጩን ሳይሆን እኔን ኖሯል፤ ከእርሻው ዞር እንድልላቸው ነበር የላኩኝ። ከዳሱ በር ተቀመጥኩ። ማሳው ቢጫ ሆኗል፤ ነፋሱ ደግሞ ተነሥቷል። የአጎቴ አደራ እያየሁት ሊረግፍ ነው።

ያኔ የጠየቅኩት ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። «መምህር፣ አጫጆች ይወዱሃል። ሩጥና ከጎረቤት እርሻ ሃያ ሰው አባብለህ አምጣልኝ» አልኩት።

«የነሱስ ሰሊጥ አይረግፍም?» አለኝ። ወደ ቢጫው ማሳ ዞረና «ማጭድ አለህ?» አለ።

ማጨድ አያውቅም ነበር፤ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ጣቱን ቆረጠ። በጨርቅ አስሮ ቀጠለ። እሁድን ስናጭድ ዋልን። ሰኞና ማክሰኞ ክፍል አስተምሮ ሲጨርስ ከኮኪት እየሮጠ መጣ። እኔ አስራለሁ፣ እሱ ነዶውን እርስ በርሱ አስደግፎ ያቆማል። ቆርበት ላይ ተቀምጠን የማሽላ ቂጣ ስንበላ፣ ስለ በላባቸው አገሮች ሲያወራኝ ድካሜን እረሳ ነበር። እንዲህ ሆኖ ከሰሊጡ ሲሶው እንኳ ተረፈ ቢባል በእሱ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አጎቴ የላክሁባቸው መልእክት ደርሷቸው ከጎንደር ሰው ጭነው መጡ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ውበቱ ማሳው መሀል ጎንበስ ብሎ የሚያጭደውን መምህር በጥርጣሬ አዩትና «ያለ ምንዳ እንዲህ የሚለፋው ምን ፈልጎ ነው?» አሉኝ።

ምን ፈልጎ እንደሆነ አውቅ ነበር። ምንም አልፈለገም። ግን አጎቴ እንዲያ ሲያዩት ጥርጣሬው እኔም ላይ ተመልሶ ሰፈረና «እንጃ» አልኩ። ሙላት ሰምቷል። ማጭዱን ከነዶው ላይ አስቀመጠ፤ የታሰረ ጣቱን አንዴ አየ፤ ሄደ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሲሮጥ በሩቁ አየዋለሁ። መንገዱን ቀይሮ፣ ዳሳችንን ትቶ በገለጉ በኩል መሮጥ ጀመረ። አንድም ቀን ሮጬ ልደርስበት አልሞከርኩም።

ባለፈው እሁድ ልጄ እንደወጣች በረንዳ ላይ ተቀምጬ ይህን ሳስብ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅህ በዚህ ጎህ ወዴት ነው የምትሮጠው? ደኅና ነው?»

«እንጃ» ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ሲርባት ምግብ እንዲጣፍጣት ነው» አልኩት።

ቆም ብሎ አየኝ። እንዳላመነኝ ከዓይኑ አወቅኩ።