መጀመሪያ የሌላውን ነገር

አክስቴ ትናንት ከእንጅባራ ደውላ «የጥናት ርእሴ ጸደቀ!» ስትለኝ ከደስታዬ የተነሳ ስልኩን እንደያዝኩ ግቢውን ዞርኩት። አክስቴ ጠበቃ ናት። ለሕግ ሙያ ዶክትሬት የክፍል ትምህርቱን ጨርሳ አሁን ወደ ምርምሩ ልትገባ ነው። የምታጠናውም በክረምት ያረፉትን የአያቴን፣ የአባቷን፣ የሽምግልና ዘዴ ነው።

አያቴ እዚህ ዳንግላ የተጣላ ሲያስታርቁ ከሳሹን «ያንተ ይቆየን፤ መጀመሪያ የእሱን ነገር ተናገርለት» ይሉት ነበር። እኔና ወንድሜ በቻርጀር ስንጣላ እንኳ አላመለጥናቸውም።

አክስቴ ዶክትሬቱን ልጀምር ስትል ግን ራሳቸው «ሥራና ልጆች እያሉሽ? አይሆንም!» አሉ። እሷ መች የዋዛ ናት!

«እሺ አባየ፣ መጀመሪያ የእኔን ነገር ይናገሩልኝ» አለቻቸው።

በርጩማቸውን ወደ እሷ አስጠጉና ጀመሩ። «ይህች ልጅ የሰው ጉዳይ ይዛ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ያልገባት ነገር አለ። ፈልጋ ካላገኘችው እንቅልፍ የላትም። ልጆቹን ደግሞ… ልጆቹን ደግሞ አያታቸው ይጠብቃል።» ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «በይ፣ ተረታሁ!»

እስኪያርፉ ድረስም ልጆቹን እዚሁ እኛ ቤት ጠበቁላት። አሁን በርጩማው በረንዳው ላይ ባዶውን ነው፤ የአክስቴ ትንሿ ልጅ «የአባባ ነው» እያለች ማንንም አታስቀምጥበትም።

ቅዳሜ አክስቴ እሳቸው ያስታረቋቸውን ሰዎች ልታነጋግር እቤታችን ትመጣለች። የታረቃችሁ ሁሉ ኑና ንገሯት። ያልታረቃችሁም ኑ፤ ብቻ መጀመሪያ የባላጋራችሁን ነገር አሳምራችሁ ለመናገር ተዘጋጁ።