ለቀበቶው የምትሆን ቢላዋ

ቀለም ቀቢው ቢላዋ ሊገዛ ወጣ። ነገሩ ሲሰማ ቀላል ነው፤ ሰው ቢላዋ ይገዛል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ አለቀ። እሱ ግን ለዚህች አንዲት ቢላዋ ስንት ወር ሙሉ ዛሬ ነገ ሲል ከርሟል፤ ዛሬም የወጣው ልጁ መውጫ መግቢያ ስላሳጣችው ነው።

ልጁ ነፍሰ ጡር ናት፤ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ሥራው ሩቅ ነው፤ እሷም ለመውለድ አባቷ ቤት መጥታለች። ሐኪም ቤት የሚያደርሷት አባቷና ግቢ ውስጥ የቆመችው አሮጌ ፒክአፕ ናቸው። መኪናዋ ከተጠገነች ሰንብታለች፤ በሯ ተቃንቷል፣ አዲስ የወንበር ቀበቶ ተገጥሞላታል። አባት ግን ቁልፏን ከተሰቀለበት ምስማር አላወረደውም። በመጨረሻ ልጅ ቁርጡን ነገረችው። «አባዬ፣ እዚያች ወንበር ላይ የምቀመጠው አጠገብህ ቀበቶ የሚቆርጥ ነገር ሲኖር ነው። አንድ ደህና ቢላዋ ግዛ፣ ከዚያ ትወስደኛለህ።» እሺ አለ። ምን ይበል?

«እዚያች ወንበር» ያለቻት እናቷ የሞተችባትን ወንበር ነው።

ባልና ሚስት ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ግድግዳ ቀብተዋል። እሱ ይፍቃል፣ ስቱኮ ይለጥፋል፣ ይቀባል፤ እሷ ቀለም ትበጠብጣለች። ዓይኗ ጉድ ነበር። ደንበኛ የጠፋ ቀለም በአፉ ብቻ ቢነግራት፣ ከሦስት ቆርቆሮ ትንሽ ትንሽ ደባልቃ ቁርጥ እሱን ታወጣዋለች። ከመኪናዋ ማርሽ አጠገብ ደግሞ አንዲት ቢላዋ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከትዳራቸው አያንስም። ያቺ ቢላዋ ያልገባችበት ሥራ የለም። የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ትፈለቅቃለች፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ትልጣለች፣ የደረቀ ስቱኮ ትፍቃለች፣ ብሎን ትፈታለች፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሱሪው ላይ ትጠረግና ብርቱካን ትልጣለች። እሱ ይኮራባታል። አንድ ቢላዋ ለሁሉም ይበቃል ይላል፣ አፉን ሞልቶ።

ሚስት አትወዳትም ነበር። «ይቺ ዱልዱም ሙዝ ለመቁረጥም ምርቃት ትፈልጋለች» እያለች ትስቅበታለች። አስሞርዳት፣ ካልሆነም ሌላ ግዛ ብላ ስንቴ ነግራዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። ምን አነሳት ይላል። አንዳንድ ወንድ እንዲህ ነው፤ ከሚስቱ ምክር የዛገ ብረቱን ያምናል።

የዚያን ቀን ከሥራ ሲመለሱ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ ሞልቷል። መኪናዋ ተንሸራተተችና በሚስት በኩል ቦዩ ውስጥ በጎኗ ወደቀች። እሱ ከላይ በቀረው በር ወጣ። የእሷ ቀበቶ ግን ነክሶ ያዘ፤ ተመልሶ ጎንብሶ መክፈቻውን ቢጫነው ቢጫነው እምቢ አለ። ውሃው በተሰበረው መስኮት እየገባ ነው። ቢላዋዋን አወጣና ይገዘግዝ ጀመር። ገዘገዘ፣ ገዘገዘ። ክሩ ተፈታ፣ ተንጨባረረ፣ ግማሽ ድረስ ሄደ፤ ግን አልበጠስ አለ። መጀመሪያ ላይ እሷ፣ ቀስ በል፣ እጅህን እንዳትቆርጠው ትለው ነበር። ከዚያ ውሃው አፏ ላይ ደረሰ። ሰዎች ሮጠው መጥተው መኪናዋን ሲያቃኗት እሱ ገና እየገዘገዘ ነበር።

ሊያጽናናው ለመጣው ሰው ሁሉ የነገረው አንድ ነገር ነው። ቀበቶው በምንም አይቆረጥም። መኪና ሲጋጭ ሰው አንቆ እንዲይዝ የተሠራ ነገር እንዴት በቢላዋ ይቆረጣል? ሰውም እውነትህን ነው አለው፤ ሐዘንተኛን ማን ይከራከራል? ልጁም አመነችው፣ ወይም ያመነች መሰለች። እየዋለ እያደረ እሱም ራሱ አመነ። ይህችን እምነት ብትቀሙት የሚቆምበት አልነበረውም። ጋራዡ ቀበቶውን ሲቀይር፣ ያቺን ግማሽ የተገዘገዘች ቁራጭ ለምኖ ወሰዳትና ቤቱ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀላት። ክንድ አትሞላም። ዛሬ ኮቱ ኪስ ውስጥ ተጠቅልላ አለች።

እንግዲህ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ልጁ ቢላዋ ግዛ ብላ ላከችው፤ እሱ የሄደው ግን ፍርድ ሊሰማ ነው። የትኛዋም ቢላዋ ያቺን ቁራጭ ካልቆረጠቻት እሱ ነጻ ሰው ነው።

መጀመሪያ የገባበት ሱቅ መስታወት ሣጥን ውስጥ ታጣፊ ቢላዎች ደርድሯል። ሻጩ አንዷን አንስቶ ያሞግሳት ጀመር፤ ጠርሙስ ትከፍታለች፣ መጋዝ አላት፣ መብራት አላት፣ ለሁሉ ነገር ትሆናለች አለው። ይቺን ሙገሳ ቀለም ቀቢው በደንብ ያውቃታል። ቁራጩን አውጥቶ፣ ባልተነካው በኩል ሞከረ። ስለቷ ቀበቶው ላይ ተንሸራተተ፤ ራሷም ተመልሳ ልትታጠፍ ስትል ጣቱን ለጥቂት ሳተችው። ልቡ ቀለል አለው። ማዘን ሲገባው ደስ አለው፣ ወይ ጉድ!

ሁለተኛው፣ ቀለም የሚገዛበት መደብር ነው። ባለመደብሩ ያውቀዋል፤ ሚስቱንም ያውቃት ነበር። ለምን እንደሚፈልጋት ሳይጠይቅ ትልቅ ቢላዋ አወጣለት፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ሞረድ ያልነካት። አራት ጊዜ ሳባት፤ ቀበቶው ላይ ነጭ መስመር ብቻ ቀረ። «አይቆርጥም» አለ ቀለም ቀቢው፣ የምሥራች እንደሚያበስር ሰው። ባለመደብሩም፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ከአስፋልቱ ማዶ ያለችውን ሞራጅ ጠይቃት፣ እሷ አታጣም አለው።

እዚህ ላይ ቢመለስ ኖሮ! ሁለት ምስክር በቅቶት ቤቱ ቢገባ ምን ነበረበት? እሱ ግን ሦስተኛ አማረው።

ሞራጇ መነጽሯን በክር ያሰረች፣ እድሜዋ ከእሱ የማይርቅ ሴት ናት። ጠባብ ክፍል፣ እርጥብ ወለል፣ በእግር የሚዞር የመሞረጃ ድንጋይ። ቢላዋዋ ለምን እንደምትሆን ጠየቀችው፤ ለመኪና አላት። ምን ልትቆርጥባት አለችው።

«ቀበቶ» አለ።

ድንጋዩን አቆመች። ታጣፊ እንዳይገዛ ነገረችው፤ የራሰ እጅ አይከፍታትም። ጫፏ ዱልዱም ይሁን፣ አለዚያ የምታወጣውን ሰው ትወጋዋለህ። ዳሽቦርድ ውስጥ አትክተታት፣ መኪና ሲጨማደድ ክዳኑ አይከፈትም፤ እጅህ በሚደርስበት ከወንበርህ ጎን እሰራት። እጀታዋም ቀይ ይሁን፣ ሲጨንቅህ እንድትታይህ። ይህን ሁሉ ስትናገር ለሰው ስንቴ እንዳለችው ያስታውቃል። ከዚያ ጣቷን አነሳች።

«ዋናው ነገር፣ ወንድሜ፣ ለሌላ ሥራ እንዳትነካት። ብርቱካን እንኳ እንዳትልጥባት።»

ቀለም ቀቢው ቁራጩን ከኪሱ አወጣ። አይቆረጥም እኮ፣ ያ ነገር በምንም አይቆረጥም አላት። አልተከራከረችውም፤ እጇን ዘረጋች፣ ቁራጩን ሰጣት። የተንጨባረረውን አየች፤ እሱንም አየችው። ከመደርደሪያ መዳፍ የምታክል ባለ ቀይ እጀታ ቢላዋ አውርዳ ሰጠችው፤ ዋጋዋ ከአንድ ብሩሽ አይበልጥም። የቀበቶውን ጫፎች በሁለት እጇ ይዛ ወጠረችለትና ሳበው አለችው።

ሳበው።

ድምፅ እንኳ አልነበረውም። የሳታት መስሎት ሊደግም ሲል፣ ሞራጇ በአንድ እጇ አንድ ቁራጭ፣ በሌላው ሌላ ቁራጭ ይዛ አያት። የበሩን መቃን ያዘ። ባይጠይቅ የሚሻለውን ጠየቀ።

«ያረጀች ቢላዋ ብትሞረድስ እንዲህ ትቆርጣለች?»

«ምን አቅቷት። የሩብ ሰዓት ሥራ ናት» አለች ሞራጇ። ፊቱን ስታይ ቃሏን መልሳ ብትውጠው በወደደች።

ሩብ ሰዓት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሩብ ሰዓት ጠፋ። ቢላዋዋን በወረቀት ጠቅልሎ፣ እግሩን እየጎተተ ወደ ቤቱ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ሰው፤ ይሄ ውሻ የጮኸው ስንት ወር ቆይቶ ነው።

ልጁ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ቁራጯ ከምስማሯ ላይ እንደሌለች አይታለች፤ አባቷ ምን ይዞ እንደወጣ ያኔ ገብቷታል። ወረቀቱን ገልጣ ቀዩን እጀታ አየች።

«ቆረጠው?»

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አልቆረጠም ካለ መኪናው ላይ አትወጣም። ቆረጠ ካለ እናቷ በምን እንደሞተች ታውቃለች። ለመዋሸት አፉን ከፈተ፤ የምትቀመጥባት ወንበር ትዝ አለው፤ ሆዷን አየ።

«ቆረጠው።»

«ስንቴ ስበህ?»

«አንዴ።»

ልጁ ቢላዋዋን መልሳ እጁ ላይ አኖረች፤ ወገቧን ይዛ ተነሳች። «ነግራህ ነበር እኮ፣ አባዬ» አለች። ገባች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ምጧ መጣ። ቀለም ቀቢው ቁልፉን ከምስማሩ አወረደ። ቢላዋዋን ሞራጇ እንዳለችው ከወንበሩ ጎን አስሯታል፤ ቀበቶውንም ደጋግሞ ከፍቶ ዘግቶ አይቶታል። ሞተሩን አስነስቶ፣ በዚያኛው በኩል ያለውን በር ከፍቶ ቆመ። ልጁ ግድግዳውን እየያዘች ወጣች፤ በተከፈተው በር አጠገብ አለፈች፤ ቀድማ አስጠርታው ደጅ የቆመ የጎረቤት መኪና ውስጥ ገባች። አባቷ ሞተሩን ያጠፋው ያ መኪና ታጥፎ ከዓይኑ ከተሰወረ በኋላ ነው።